የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማን አንድ አድርጎ ማየት፣ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እዚህ ባህር ዳር ከደረት ህሙማን ጋር ነው የምሰራው፣ ሰሞኑን ያው ነገር እንደገና ስለገጠመኝ ነው የምጽፈው። ሁለቱም ደረት ውስጥ ስለሆኑ ብቻ "ያው የሳንባ ካንሰር ነው" ይባልና ይታለፋል። አይደለም። የሳንባ ካንሰር የሚነሳው ከራሱ ከሳንባው ወይም ከአየር ቧንቧው ነው፣ ሜሶቴሊዮማ ግን ሳንባውን ከውጭ ከሸፈነው ስስ ሽፋን የሚነሳ ሌላ ካንሰር ነው፣ የተቀቀለ እንቁላል ስትልጡ ከቅርፊቱ ስር የምታገኙት ዓይነት ስስ ነገር። ይሄ ሽፋን ሆድ ውስጥም ልብ ዙሪያም ስላለ በሽታው እዛም ይነሳል።

"ሲጋራ አጭሶ አያውቅም እኮ"

ይሄን ቤተሰብ ሁሉ ይለኛል። እሺ፣ የሳንባ ካንሰር ዋናው መነሻ ትምባሆ ነው፣ ግን የማያጨስም ይይዘዋል። ሜሶቴሊዮማ ደግሞ ከሲጋራ ጋር ጭራሽ አይገናኝም፣ ዋናው መነሻው የአስቤስቶስ ብናኝ ነው፣ አስቤስቶስ ማለት ሙቀት ስለሚችል በቧንቧ መጠቅለያ፣ በክዳንና በፍሬን ሸራ ውስጥ ይገባ የነበረ ጭረት ጭረት ያለው ማዕድን ነው። ግን እዚህ ጋ ሰው የሚስተው አለ፣ አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል፣ አስቤስቶስ የነካ ሰው በዛ ላይ የሚያጨስ ከሆነ ለሳንባ ካንሰር ያለው አደጋ በጣም ነው የሚያድገው። ስለዚህ "አስቤስቶስ ነክቷል፣ በቃ ሜሶቴሊዮማ ነው" ማለትም ስህተት ነው።

ውሃውን እየቀዱ መላክ

በዚህ ነገር በጣም ነው የምናደደው። ሰውዬው ትንፋሽ አጥሮት ይመጣል፣ ራጅ ይነሳል፣ ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። ውሃው ይቀዳል፣ ቀለል ይለዋል፣ ደስ ብሎት ወደ ደልጊ ወይ ወደ ጎርጎራ ይመለሳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሃው ተመልሶ ሞልቷል። እንደገና ይቀዳል። አገራችን ላይ ቲቢ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ቲቢን ማሰብ ትክክል ነው፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ባክቴሪያው ሳይገኝም የቲቢ መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ 6 ወር ነው፣ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዛ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ግን ሰውዬው መድኃኒቱን በስርዓት እየዋጠ ውሃው እየተመለሰ፣ እየከሳ፣ ደረቱን በአንድ በኩል ሌት ተቀን እየወጋው "ጨርሰውና እናያለን" ይባላል? ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደ አዲስ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው አይቻለሁ፣ ስንት ወር አለፈበት በዛ መሃል!

ውሃው ላቦራቶሪ ሄዶ "የካንሰር ሴል አልተገኘም" ከተባለ ደግሞ ሁሉም እፎይ ይላል። እባካችሁ፣ ሜሶቴሊዮማ ከውሃው ብቻ ብዙ ጊዜ አይለይም። ከሽፋኑ ላይ ስጋ መወሰድ አለበት፣ ባዮፕሲ ማለት ነው፣ በመርፌም ሆነ ደረት ውስጥ በሚገባ ካሜራ። ሲቲ ስካንም ከተቻለ ውሃው ከተቀዳ በኋላ ይሁን፣ ውሃ የሞላ ደረት ከስሩ ያለውን ይደብቃል። የሳንባ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሳንባው ውስጥ እብጠት ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሜሶቴሊዮማ ደግሞ ሽፋኑን አወፍሮ ሳንባውን ዙሪያውን ሲያፍነው። ግን ፎቶ ብቻውን አይፈርድም፣ የሳንባ ካንሰርም ወደ ሽፋኑ ተዛምቶ ውሃ ያስቋጥራል። የሚለየው ፓቶሎጂ ነው፣ የተወሰደው ስጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማለት ነው፣ በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ፣ ሴሉ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን በቀለም እየለየ በሚያሳይ ምርመራ፦ ካልሬቲኒንና ደብሊውቲ-1 ወደ ሜሶቴሊዮማ ያመለክታሉ፣ ቲቲኤፍ-1 ወደ ሳንባ።

ናሙናውን ይዛችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ስጋው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትውጡ።

የዛሬውን ሥራ ብቻ መጠየቅ

ለጀማሪ ልጆቻችን ነው ይሄ፣ እወዳችኋለሁ ግን ስሙኝ። ካርዱ ላይ "ገበሬ" ወይ "ጡረተኛ" ብላችሁ ጽፋችሁ ታልፋላችሁ። ሜሶቴሊዮማ ብናኙ ከገባ ከ20 እስከ 50 ዓመት በኋላ ነው የሚወጣው። አንድ አባት ነበሩ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያሰግሩ፣ ካርዳቸው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "አባባ፣ በወጣትነትዎ የት የት ሠርተዋል?" ስላቸው ምፅዋ መርከብ ጥገና፣ የቦይለር ቧንቧ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ዓመታት መቆየታቸውን ነገሩኝ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ፍሬን ሸራ የሚሞርድ መካኒክ፣ የድሮ የቤት ክዳን የሚያፈርስ፣ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ የሚቆርጥ፣ ሁሉንም ጠይቁ። እናቶችንም፣ የባላቸውን ብናኝ የጠጣ የሥራ ልብስ ሲያጥቡ ኖረው የታመሙ ሴቶች በዓለም ላይ አሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. የፓቶሎጂ ሐኪሙ ዋግነርና ጓደኞቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 የሜሶቴሊዮማ ህሙማን ሲዘግቡ አብዛኞቹ ከአስቤስቶስ ማዕድኑ አካባቢ ጋር የተያያዙ ነበሩ፣ ማዕድን ቆፋሪ ያልሆኑም ነበሩባቸው።

ደም ስላልተፋ መዘናጋት። ደም መትፋት በሳንባ ካንሰርና በቲቢ ነው የሚበዛው፣ ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ ውጋትና ትንፋሽ ማጠር ነው።

ራጅ ላይ የታየን የሽፋን ጠባሳ ሁሉ ካንሰር ማለት። ፕሊውራል ፕላክ የሚባለው የሽፋን ጠባሳ አስቤስቶስ እንደነካችሁ ይናገራል እንጂ ካንሰር አይደለም። አስቤስቶሲስም የሳንባ መጠባበስ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል ግን ካንሰር አይደለም።

"ካንሰር ከሆነ ስሙ ምን ያደርጋል"

ያደርጋል እንጂ! የሳንባ ካንሰር ሁለት ትልልቅ ዓይነት አለው፣ 85 ፐርሰንት ገደማ የሚሆነው ትንሽ ሴል ያልሆነው ነው፣ እሱ ቶሎ ከተገኘ በቀዶ ጥገና የሚወጣበት ዕድል አለ፣ አንዳንዱም የጂን ምርመራ ተደርጎ በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል። ሜሶቴሊዮማ ላይ ያ የሚዋጠው አይሠራም፣ ለእሱ የቆየው ኬሞ ፔሜትሬክስድ ከሲስፕላቲን ጋር ነው፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አብረው ይሰጣሉ። ስሙ ካልታወቀ ሰውዬው የማይረዳውን መድኃኒት ከብት ሸጦ ሊገዛ ነው።

ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን ባዮፕሲውን አሰጥታችሁ ሂዱ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚወስድ ጊዜው አይባክንም። የድሮ ራጅ ፊልም፣ የፓቶሎጂ ወረቀት፣ ስንቴ ምን ያህል ሊትር እንደተቀዳ የተጻፈበት ካርድ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚመለስ የማየው ከዛ ነው።