የመኪናችሁ ቀለም ደበዘዘ? ከማሸታችሁ በፊት ይሄን እዩ

መኪናችሁ ታጥባ ስትደርቅ አመድ የነፋባት ከመሰለች ቶሎ ብላችሁ ቀለም ቀቢ ጋ አትሂዱ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ አላለቀም። ግን ፖሊሽ ገዝታችሁም ዝም ብላችሁ አትሹ፣ ምክንያቱም ፖሊሽ ላዩን በስሱ ይፍቃል፤ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። መጀመሪያ ችግሩ ይለይ።

ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከበሩ ታችኛው ጠርዝ፣ በነጭ ጨርቅ (መኪናዋ ነጭ ከሆነች በጥቁር ጨርቅ) ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ እሹት።

ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ያዘ? ያለ ክሊር የተቀባች ናት። ክሊር የምንለው ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን ቀለም አልባ ሽፋን ነው፤ ብዙ አሮጌ መኪኖች የላቸውም። ስለዚህ ፀሐይ ቀለሙን በቀጥታ ታገኘዋለች፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፣ ኮፈኑና ጣሪያው ቀድመው የሚደበዝዙትም ቀጥታ ስለምታርፍባቸው ነው። ደስ የሚለው ይሄኛው በደንብ መመለሱ ነው። በፖሊሽ እሹ፣ ጨርቁ ቀለም ሲጠግብ ቀይሩ፣ ሞቶ የነበረው ቀለም ከስር ሲወጣ ታዩታላችሁ። በዚያው ቀን ዋክስ፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍን ሰም፣ ካልቀባችሁት ግን ልፋታችሁ ብዙ አይቆይም።

ጨርቁ ንጹህ ከሆነ ክሊር አላት። አሁን እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ በታጠበው ኮፈን ላይ አንሸራቱ። ሻካራ ነገር ከተሰማችሁ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው፤ የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የቀለም ፍንጣቂ። ሳሙና አይለቀውም። ክሌይ ባር የሚባል እንደ ሊጥ የሚለመጥ ነገር አለ፣ በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ ሳትጫኑ አንሸራቱት። መሬት ላይ ከወደቀ ጣሉት፣ አሸዋ ይዞ ይቧጥጣል።

ለስላሳ ሆኖ ፀሐይ ላይ ክብ ክብ ጭረት ከታየ ጥፋቱ የአስተጣጠብ ነው። ጎማ የተጠረገበት ጨርቅ ኮፈን ላይ ሲወጣ ይሄው ነው የሚሆነው፤ ላቫጆ ስትገቡ ጨርቁን እዩ፣ ካልሆነም የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መፍትሄው ደቃቅ ፖሊሽ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየከፈላችሁ ሥሩ። በማሽን የሚሠራላችሁ ሰው ካለ ጠርዝና ኩርባ ላይ እንዳያቆየው ንገሩት፣ እዚያ ሽፋኑ ቶሎ ያልቃል። የፋብሪካ ክሊር እኮ ከአንድ ወረቀት ይሳሳል!

ክሊሩ ነጭ ሆኖ እየተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም። እመልሰዋለሁ የሚላችሁን አትመኑ። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና መነፋት አለበት፣ ያውም ቦታዋ ብቻ ሳትሆን ኮፈን ከሆነ ኮፈኑ ሙሉውን፤ አለዚያ መገናኛው ላይ ድንበሩ ይታያል፣ ቆይቶም ከዚያው መላጥ ይጀምራል።

በናፍጣ መወልወል ለጊዜው ያብረቀርቃል፣ ግን የቅባቱ ቅሪት አቧራ ይሰበስባል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትም ዋክሱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ የመኪና ሻምፖ ይሻላል። የዋክሱን ጊዜ ውሃ ይነግራችኋል። ውሃ ስትረጩበት ክብ ክብ ሆኖ መንከባለሉን ትቶ ከተንጣለለ፣ ዋክሱ አልቋልና ድገሙት።