ለገጠር መንገድ መጠባበቂያ ቤንዚን በሞተር ሳይክል ስለመጫን

ደባርቅ ማደያ አለ ማለት ደባርቅ ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ጨርሶ በሰሜን ተራሮች ላይ ባለው ጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራ ወረዳ የሚያልፍ ሰው ይህን አውቆ ይውጣ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሞተር ሳይክሌ የክትባት በረዶ ሣጥን፣ መርፌ፣ የዝናብ ልብስና ስንቅ ስለሚሸከም በቤንዚን ጭነት ስስታም ነኝ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ከኋላቸው አስረው የሚወጡ ወጣቶችን ሳይ ድፍረታቸው አይታየኝም፤ የሚታየኝ ያልተሠራ ሒሳብ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሃያው ሊትር ዐሥራ አምስት ኪሎ ነው። ያንን ከኋላ ጎማ በላይ ሰቅሎ ኮረኮንች መውጣት የፊት ጎማውን ከመሬት ያላቅቀዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰልባትዮውን፣ ማለትም የሞተር ሳይክሉን የቤንዚን ጋን፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ በምትሄዱበት ዓይነት መንገድ ንዱ፣ እንደገና ሞልታችሁ የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። አስፋልት ላይ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገትና ጭቃ ሲገጥመው ወደ 25 ቢወርድ አይድነቃችሁ። ከፍታውም የራሱን ይወስዳል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቧሂት ተራራ ሥር መንገዱ ከ4,000 በላይ ይወጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ነዳጁ ያልቃል። እንግዲህ ያለ ማደያ የምትሄዱት ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በ25 ሲካፈል 9.6 ሊትር ነው። ሲሶ ጨምሩበት፤ ዐሥራ ሦስት ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሰልባትዮው 10 ከያዘ የጎደለው ሦስት ነው። አንዲት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በቂ ናት።

ጀሪካኗ ለቤንዚን የተሠራች፣ ወፍራም፣ ክዳኗ የጎማ ማሸጊያ ያለው ትሁን። ቅዳሜ ገበያ የሚደረደረው ቢጫ የምግብ ዘይት ጀሪካን ለውኃ ጥሩ ነው፤ ለቤንዚን ግን ክዳኑ አይታመንም፣ ጎኑም ከብረት ጋር ሲፋተግ ይሳሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ጨርሶ አይነሣ። ውኃ የመሰለ ነገር በውኃ ዕቃ ውስጥ ካለ፣ የሚጠማው ሰው አይቶ አያልፈውም። ስለዚህ የቤንዚን ዕቃዬ ቀይ ነው፤ የውኃዬ ሌላ ቀለም።

ማደያዎች ጀሪካን ይዞ የመጣን ሰው ያለ ደብዳቤ ይመልሳሉና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀድማችሁ አስጽፉ። ኬላ ላይም ያው ደብዳቤ ከጭቅጭቅ ያድናል። ስታስቀዱ ጀሪካኑን ከሞተር ሳይክሉ አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ተሰቅሎ ሲቀዳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። እስከ ጢሙ አታስሞሉት። ቤንዚን ሙቀት ሲጨምር ያብጣል፤ በየዐሥር ዲግሪው አንድ በመቶ ገደማ። ጠዋት በደባርቅ ብርድ የሞላ ጀሪካን በሊማሊሞ ወርዶ ዛሪማ ሙቀት ሲደርስ የሚተነፍስበት ቦታ ይፈልጋል። በተቃራኒው ከቆላ ሞልታችሁ ዳገቱን ስትወጡ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ክዳኑን በአንድ ጊዜ አትፈንቅሉት፤ ፊታችሁን አዙራችሁ በጥቂት በጥቂቱ አላሉት።

ከመንገድ ዳር መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ፈትኑት። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና ጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን ይተናል፤ ላምባ የተቀላቀለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ሻጩ ቢቆጣም ወረቀቱን አሳዩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማሰሩ። ቦታው ዝቅ ያለና ወደ መሐል የቀረበ ይሁን፤ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በተቃራኒ ጎን፣ ከተቀመጫው በታች። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ማርሚታቸው በቀኝ ስለሆነ ጀሪካኑ በግራ ይሄዳል፤ በቀኝ በኩል መፍቻና ትርፍ ካላማዳሪያ (ጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ) ተጭኖ ሚዛኑን ይጠብቃል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከቀጭን ፌሮ ጀሪካኑ ልክ የሚገባበት ቅርጫት አሠሩ። ብየዳው ሲካሄድ ሰልባትዮው ወልቆ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ «ምንም አይልም» የሚል በያጅ ካጋጠማችሁ ሌላ በያጅ ፈልጉ። ቅርጫቱ ውስጥ ከጀሪካኑ ሥርና ጎን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አንጥፉ፤ ፕላስቲክ የሚቀደደው በመውደቅ ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር በመፋተግም ነው። ማሰሪያው የናይለን ቀበቶ ከነመቆለፊያው ይሁን። እኛ ሀገር ሁሉም ነገር በካላማዳሪያ ቁራጭ ይታሰራል፤ እኔም ብርድ ልብስ አስርበታለሁ። ቤንዚን ሲነካው ግን አብጦ ይላላል፣ ስለዚህ ለጀሪካን ተጨማሪ እንጂ ዋና ማሰሪያ አይሆንም። አስራችሁ ስትጨርሱ ጀሪካኑን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ሞተር ሳይክሉ አብሮ ካልተነቃነቀ ገና አልታሰረም። ከዐሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁት።

በጀርባ ማዘል ወይም በጭንና በመሪ መካከል ማቀፍ የለም። ስትወድቁ አብሯችሁ የሚወድቀው እሱ ነው። በሶና ቆሎም ከጀሪካኑ በተቃራኒው ወገን ይጫን፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል በሶ ለጠላትም አይበጠበጥም።

መጠባበቂያውን እስከ መጨረሻው የሚቆጥቡ አሉ። እኔ ሰልባትዮው ውስጥ ቦታ እንደተገኘ እገለብጠዋለሁ። ቤንዚን ከሰልባትዮ የተሻለ ማስቀመጫ የለውም፤ ጀሪካኑም መንገድ ላይ ቢቀደድ ባዶ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሚታው እስኪበርድ ትንሽ አረፍ በሉ፣ ሲጋራ የያዘውን ሁሉ አርቁ፣ በማጣሪያ ጨርቅ አድርጋችሁ ቅዱ። በክረምት በተለይ አንድ ጠብታ ውኃ ካርቡሬተር ገብታ ግማሽ ቀን ታስፈታለች።

በቱቦ ከሰልባትዮ መምጠጥ ልማድ ሆኗል፤ በአፍ ግን አትምጠጡ። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፣ ወተትም አጠጥታችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ሳንባ ይገባል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ማታ ገጠር ስታድሩ ባለቤቲቱ እማማ «ዶክተር፣ ሌባ ይወስድብዎታል፣ ወደ ቤት ያስገቡት» ማለታቸው አይቀርም። አመስግናችሁ እምቢ በሉ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳልና መሬት ለመሬት ተስቦ ምድጃው ድረስ ይሄዳል። እኔ ከበሩ ውጪ፣ ከማድ ቤትና ከጋጣ አርቄ ከሞተር ሳይክሉ ጋር በሰንሰለት እቆልፈዋለሁ።

ባዶ ጀሪካንም ባዶ አይደለም፤ እንፋሎት የሞላበት ነው፣ ስለዚህ ክዳኑ ተዘግቶ ይመለስ። ከብረት የተሠራ ከሆነና ስፌቱ ማልቀስ ከጀመረ ለብየዳ አትስጡት። ታጥቧል ቢባልም የብየዳ እሳት ያፈነዳዋል። ጣሉትና ሌላ ግዙ።