ዱቄት የሚተፋው ሊሾ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ፣ ሊሾው በተሠራ በወሩ መጥረጊያ በነካው ቁጥር ዱቄት ይተፋ ጀመር። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ በሶ ብን አለ። እኔ ሲሚንቶው ላይ ፈረድኩ። ግንበኛው ግን «ወንድሜ፣ ስንት ቀን ውሃ አጠጣኸው?» አለኝ። አንድም ቀን! ይድረቅ ብዬ ነው የተውኩት። (ያኔውኑ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?)

ለካ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም። ውስጡ ያሉት ካልሲየም ሲሊኬቶች ከውሃ ጋር ተዋህደው ነው አሸዋውን የሚያያይዘውን ሙጫ የሚሠሩት። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ያፈሰስነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር።

የላላውን በመሮ አስነሳን። ሥሩን ጠርገን በደንብ አራስነው። አዲሱን ወደ ማምሻው 11 ሰዓት ላይ አፈሰስን። ያዝ ሲያደርግ እርጥብ ጆንያ አለበስነው፣ ከላዩ ላስቲክ። 7 ቀን ሙሉ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ጎረቤት «አበባ ተከልክ እንዴ?» እያለ ሳቀብኝ።

ለግድግዳው ልስን ሲሚንቶውን ቀንሰን ኖራ ጨመርንበት። ኖራ ውሃ ይይዛል፤ ልስኑም ቶሎ አይሰነጠቅም። ኖራው ራሱ የሚጠነክረው ግን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፣ በቀስታ።

ሊሾውን ትናንት በጥፍሬ ሞከርኩት። የተላጠው ጥፍሬ ነው።