የጤና ጣቢያ መድኃኒት ክምችትን በኤክሴል ዳሽቦርድ መከታተል

ዳሽቦርዱን ከማየትዎ በፊት የዕለቱ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) መመዝገባቸውን ያረጋግጡ፤ ያልገባ ወጪ ካለ የሚያዩት የትናንቱን ነው።

ዋናው ቁጥር «የወራት ክምችት» ነው፦ በእጅ ያለው ለወርሃዊ አማካይ ፍጆታ ሲካፈል። ለጤና ጣቢያ ጣሪያው 4 ወር፣ ወለሉ 2 ወር ነው። ከ2 በታች ቢጫ፣ ከግማሽ ወር በታች ቀይ እንዲሆን ያድርጉት። ቀይ ከመጣ መደበኛውን የጥያቄ ጊዜ ሳይጠብቁ አስቸኳይ ጥያቄ ይላኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አማካዩ ላይ ነው። አሞክሲሲሊን በ3 ወር 900 ስትሪፕ ወጣ እንበል፤ ከ90ው ቀን ግን 30ውን መደርደሪያው ባዶ ነበር። ለ3 ቢያካፍሉ 300 ይመጣል። ትክክለኛው ግን 900 ለ60 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ የሚገኘው 450 ነው። በእጅ 600 ካለ የሚበቃው ለ2 ወር ሳይሆን ለ1.3 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ «ያለቀበት ቀን ብዛት» የሚል ዓምድ የግድ ያስፈልጋል።

የአገልግሎት ማብቂያውን በባች (በአንድ ዙር በተመረተ ምድብ) ለይተው ያስገቡ። ከ1,000 ውስጥ 700ው በሚቀጥለው ወር የሚያልፍበት ከሆነ፣ ድምሩ አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል፤ ይህ ከቀይ ይብሳል።

በየሳምንቱ ጥቂት ዓይነቶችን በአካል ይቁጠሩ። ከቢን ካርዱ (ከመድኃኒቱ ጋር ከሚቀመጠው የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ጋር ካልገጠመ፣ አንዱ በሣጥን ሌላው በስትሪፕ መዝግቦ እንዳይሆን መጀመሪያ ያጣሩ።