የሰርቨር ዲስክ ሲሞላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው የሰኔን ወር አይረሳም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ሁሉም ክፍል ሪፖርት ያወጣል፣ ሒሳብ ያወራርዳል፣ የዓመቱን መዝገብ ይገለብጣል። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳታቤዙ "በዲስኩ ላይ ቦታ የለም" ብሎ ቀጥ ይላል። ስልክ ከየክፍሉ ይደወላል፤ ኃላፊው በር ላይ ቆመው "መቼ ይመለሳል?" ይላሉ፤ እጅም ወደ መሰረዣው ትዕዛዝ ይሮጣል። ዲስኩ ሞልቶ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ በእነዚያ ደቂቃዎች በጥድፊያ የሚደረገው ይብሳል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቦታውን ማን እንደያዘው ሳያጣሩ መሰረዝ ነው። ፖስትግሬስን እንውሰድ። ይህ ዳታቤዝ እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማውጫ አለው። ድሮ ስሙ "ፒጂ ኤክስሎግ" ስለነበር ተራ ሎግ (ፕሮግራም የሥራውን ታሪክ የሚጽፍበት ፋይል) መስሏቸው እየሰረዙ ዳታቤዛቸውን ያበላሹ ብዙ ናቸው፤ ከስሪት 10 ጀምሮ "ፒጂ ዋል" ተብሏል። ማውጫው ያለ ምክንያት አያብጥም። በክላስተር (አብረው በሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ላይ የተለመደው ምክንያት የዋናውን ሰርቨር ዳታ እየገለበጠ የሚይዝ የአንድ ተከታይ ሰርቨር መቆም ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዱ ሳይነሳ ይቀራል። ዋናው ሰርቨር ለተከታዩ የተመደበ ስሎት (ተከታዩ የት እንደደረሰ የሚይዝ ምልክት) ካለው፣ ያልደረሰውን መዝገብ ሁሉ ይመጣል እያለ ያከማችለታል። መፍትሔው ተከታዩን ማስነሳት ነው፤ ተመልሶ የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ስሎቱን መሰረዝ። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ ማውጫውን ራሱ ያጸዳዋል። ከስሪት 13 ወዲህ ስሎት በሚያስቀምጠው መጠን ላይ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ካላበጁለት ግን ዲስኩ እስኪሞላ ያከማቻል። ይህን ጣሪያ ዛሬውኑ ያብጁ።

ሁለተኛው ስህተት የተሰረዘ ፋይል ሁሉ ቦታ ይለቃል ብሎ ማመን ነው። "ዲኤፍ" የሚባለው ትዕዛዝ 100 በመቶ ሞልቷል ይላል፤ "ዲዩ" ፋይሎቹን ሲደምር ግን ግማሹን እንኳ አያገኝም። ሊኑክስ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ከማውጫው ይወጣል፤ አንድ ፕሮግራም ከፍቶት እስከቆየ ድረስ ግን ይዘቱ ከዲስኩ አይነሳም። "ኤልኤስኦኤፍ" በ"ፕላስ ኤል 1" ሲታዘዝ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ከያዟቸው ፕሮግራሞች ጋር ይዘረዝራል። ያንን አገልግሎት አጥፍቶ ማስነሳት ቦታውን ወዲያው ያስለቅቃል። ፕሮግራም እየጻፈበት ያለን ሎግ ደግሞ ከመሰረዝ ይልቅ ይዘቱን ባዶ ማድረግ ይሻላል።

የሁለቱ ትዕዛዞች ልዩነት ሌላም ምንጭ አለው፤ ይህኛው መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለን ሰዎች በተለይ ልናውቀው ይገባል። መብራት ከተመለሰ በኋላ የመጠባበቂያ ቅጂው ዲስክ ከሚከፈትበት ማውጫ ጋር ሳይያያዝ ይቀራል። የሌሊቱ ሥራ ግን ማውጫውን ስለሚያገኘው ቅጂውን እዚያው ዋናው ዲስክ ላይ ያራግፋል። ጠዋት አንድ ባልደረባ ዲስኩን ያያይዘዋል፤ ሌሊት የተጻፈው በሙሉ ከሥሩ ይሸፈናል፣ "ዲዩ"ም አያየውም። ዋናውን ዲስክ በ"ባይንድ" (አንድን ማውጫ በሌላ ቦታም እንዲታይ በሚያደርገው አያያዝ) ሌላ ማውጫ ላይ አያይዘው ሲመለከቱት የተደበቀው ይገለጣል። ስክሪፕቱ ዲስኩ መያያዙን ሳያረጋግጥ እንዳይጀምር ማድረግ ጥቂት መስመር ብቻ ይጠይቃል።

ጊጋባይት ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። ቦታ እያለ "ቦታ የለም" ከተባለ ኢኖድ (እያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚወስደው የፋይል መዝገብ) አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ጥቃቅን ፋይሎች በሚሊዮን ሲቆጠሩ ይጨርሱታል። "ዲኤፍ" በ"አይ" ሲታዘዝ ያሳያል።

ክላስተርን በአማካይ መመዘን ግን ብዙ ጠንቃቃ ሰዎችን ሳይቀር ይጥላል። ሦስት ሰርቨሮች 50፣ 55 እና 96 በመቶ ቢሞሉ አማካዩ 67 ነው፤ የመከታተያ ሰሌዳውም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የፍለጋ ዳታቤዙ ኢላስቲክሰርች ግን የሚያየው እያንዳንዱን ሰርቨር ነው። ቅንብሩ ካልተነካ በቀር 85 በመቶ ላይ አዲስ ክፍልፋይ (የኢንዴክስ፣ ማለትም የዳታ ስብስብ፣ ቁራጭ) አይመድብለትም፣ 90 ላይ ያሉትን ወደ ሌሎች ማሸሽ ይጀምራል፣ 95 ላይ ደግሞ በዚያ ሰርቨር ላይ ክፍልፋይ ያላቸውን ኢንዴክሶች እንዳይጻፍባቸው ይቆልፋል። ኮንቴይነሮችን (ከሚያስፈልጋቸው ጋር ተጠቅልለው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) በሰርቨሮች ላይ የሚያከፋፍለው ኩበርኔቲስም በአንድ ሰርቨር ላይ ነፃው ቦታ ከ10 በመቶ ሲያንስ ፖዶችን (የኮንቴይነር ቡድኖችን) ያስወጣል፤ እነሱም ጎረቤት ሰርቨር ላይ ተነስተው ያንኑ መሙላት ሊቀጥሉ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያ በየሰርቨሩ ይቀመጥ፤ ለአማካዩ ብቻ የተቀመጠ ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ ይደርሳል።

በመጨረሻ "ዲስክ እንግዛ" ይባላል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዢው ጸድቆ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰነባብቶ የሚገባው ዲስክ ገደብ የሌለው ሎግ ካለ እሱም ይሞላል። ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው ዶከር በመደበኛ ቅንብሩ የኮንቴይነር ሎግ ላይ የመጠን ገደብ አያደርግም። ገደቡን በዋናው የቅንብር ፋይል ሲያስገቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቅንብሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ነው። የቆዩት ፈርሰው እንደገና ካልተፈጠሩ ያለ ገደብ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ።