የአክስቴ ቡና በስታቲስቲክስ ሲፈተን፦ መላ ምት እንዴት ይፈተሻል?

ደሴ ያለችው አክስቴ በሙቀጫ የተወቀጠ ቡናና በማሽን የተፈጨ ቡና ቀምሳ እንደምትለይ ትናገራለች። እውነቷን ይሆን? ተማሪዎች ሃይፖቴሲስ ቴስት (የመላ ምት ፍተሻ) ሲባል የሚፈሩት ነገር ይህን ዓይነት ጥያቄ መመለሻ ነው። አብሽሩ፣ አንድ ሳንቲምና 10 ሲኒ ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለት ሐሳብ ጻፉ። አንዱ «አትለይም፣ በግምት ነው የምትናገረው» ይላል። ይህ ናል ሃይፖቴሲስ ነው። ሌላው «ትለያለች» ይላል። ማስረጃ እስኪያፈርሰው ድረስ የሚጸናው ናሉ ነው።

ቀጥሎ መስመሩን አስምሩ። የተለመደው 5 በመቶ ነው፤ ውጤቱ በግምት ብቻ የሚመጣበት ዕድል ከዚህ በታች ከሆነ ናሉ ይወድቃል። ቡናው ሳይቀርብ ወረቀት ላይ ይስፈር። ውጤት አይቶ መስመር ማዛወር ማጭበርበር ነው።

ከዚያ ቅምሻው። ቡናው አንድ ላይ የተቆላ ይሁን። ሁለቱም ጀበናዎች የቆዩ ይሁኑ፤ አዲስ ጀበና አፈር አፈር ይላል። ከአቦሉ ብቻ ይቀዳ፤ ቶና ከገባበት ጣዕሙ በሌላ ምክንያት ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ሲኒ ሳንቲም ጣሉ፤ ጎፈር ሲወጣ የተወቀጠው፣ ዘውድ ሲወጣ የተፈጨው ይቀዳል። ሲኒውን የሚያቀርብላት ልጅም የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ፊት ይናገራል።

አክስቴ ከ10 ሲኒ 8ቱን አወቀች። አሁን ከባዱ ቦታ ደረስን።

በግምት ብቻ ብትናገር ኖሮ ለእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት ዕድል አለ። ለ10 ሲኒ 2ን 10 ጊዜ ስናባዛ 1024 እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች እናገኛለን። 8 ማግኘት ማለት ሁለት ሲኒ መሳት ነው። ይህ በ45 መንገድ ይሆናል (10×9÷2)። 45 ለ1024 ሲካፈል 4.4 በመቶ ገደማ ነው።

ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ላይ አቆምኩ። ከ5 በመቶ በታች ነው ብዬ ናሉን ውድቅ አደረግሁ። ክፍል ፊት ቆሜ አቀረብኩት፤ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነበር። መጠየቅ ያለበት «ልክ 8 የማግኘት ዕድል ስንት ነው?» ሳይሆን «8 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ስንት ነው?» ነው። 8 ካስገረመን 9ም 10ም የባሰ ሊያስገርሙን ይገባል። 9 በ10 መንገድ፣ 10 በ1 መንገድ ይገኛል። ድምሩ 56 ነው፤ ለ1024 ሲካፈል 5.5 በመቶ። ፒ ቫልዩ የሚባለው ይህ ነው፤ ከ5 በመቶው መስመር በታች ስላልሆነ ናሉ አልወደቀም። ካልኩሌተር ላይ ቁጥር ከመደብደባችሁ በፊት ይህን በእጃችሁ አንድ ጊዜ ሥሩት።

5.5 በመቶ «አክስቴ በግምት የተናገረችበት ዕድል» ማለት አይደለም። በግምት ብትናገር ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም የበለጠ ውጤት የሚመጣበት ዕድል ነው።

ናሉ አልወደቀም ማለት ደግሞ አክስቴ አትለይም ማለት አይደለም። 8 ካልበቃ ናሉን ለመጣል ቢያንስ 9 ያስፈልጋል፤ በእውነት ከ10 ሲኒ በአማካይ 8ቱን የሚለይ ሰው እንኳ 9 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከ10 ፈተና በ4ቱ ገደማ ብቻ ነው። 10 ሲኒ ለፍርድ ያንሳል።

መጨመር ይቻላል፤ ግን እስኪሳካ ድረስ አንድ አንድ ሲኒ እየጨመሩ መሄድ አይፈቀድም። ስለዚህ በ20 ሲኒ አዲስ ፈተና ተስማምተናል። 15 እና ከዚያ በላይ ካገኘች ናሉን ውድቅ አደርጋለሁ፤ በግምት ያን የማግኘት ዕድል 2.1 በመቶ ነው። ወረቀቱ ከአሁኑ ተጽፎ ረከቦቱ ላይ ተቀምጧል።