ኮፒ ቤት በባሕር ዳር፦ ትርፉን የሚበላው የተበላሸ ወረቀት ነው

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ላይም ሆነ ፍርድ ቤት አካባቢ ኮፒ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ማሽን ዋጋና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ሁለቱም ያስጨንቃሉ። በወር መጨረሻ ካዝናውን የሚያጎድለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ስም ተሳስቶ በድጋሚ የታተመ ማመልከቻ፣ ፊደሉ ወደ ምልክት ተቀይሮ የወጣ የ80 ገጽ ጥናት፣ እርጥበት አጣሞት ማሽን ውስጥ የተሸጎጠ ወረቀት። ለተበላሸው ደንበኛ አይከፍልም።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ነው። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ለስሌት ያህል ብቻ 600 ብር እንበል፤ አንዱ ቅጠል 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይመጣል። ቶነሩ (የማሽኑ ዱቄት ቀለም) እና ሌላው ወጪ 80 ሳንቲም ቢጨምርበት ገጹ 2 ብር ፈጀ ማለት ነው። በ3 ብር ሲሸጥ ትርፉ 1 ብር ነው። አንድ ገጽ ሲበላሽ የሁለት ጥሩ ገጾችን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ከአሥር ገጽ አንዱ የሚበላሽበት ቤት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ለምን እንደማይጠረቃ አይገባውም።

የቶነሩም ነገር እንዲሁ ያሳስታል። ለኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 የሚሆነው 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ ያትማል ሲባል፣ ቀለም ከገጹ 5 በመቶውን ብቻ ሲሸፍን ነው። ይህ አጭር ደብዳቤ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሞጁል 10 በመቶ ቢሸፍን ቶነሩ 800 ገጽ ገደማ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ለደብዳቤና ለሞጁል አንድ ዋጋ ማስከፈል ስሌት አይደለም። መታወቂያ ኮፒ ሲደረግ ክዳኑን ክፍት መተው ደግሞ ዙሪያውን ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል፤ ያ ጥቁር ሁሉ ቶነር ነው። ክዳኑ ካልገጠመ በላዩ ነጭ ወረቀት ደርቡ።

ለቁጥጥር ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ጠዋትና ማታ የማሽኑን ቆጣሪ መመዝገብ ነው። የሁለቱ ልዩነት ቀን ላይ የታተመው ገጽ ነው፤ ከተሸጠው ጋር ሲነጻጸር የጎደለው ይታያል። ሁለተኛው የተበላሸውን ወረቀት በአንድ ካርቶን ማጠራቀምና ማታ ከነምክንያቱ መቁጠር ነው፦ «የስም ስህተት 6፣ የተሸጎጠ 4፣ የፊደል 11»። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ ካርቶኑ ይናገራል። ሠራተኛ የሚቀጣበት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ከተቀጣ ወረቀቱ በቦርሳ ይወጣል እንጂ ካርቶኑ ውስጥ አይገባም።

ወረቀት፣ ክረምትና መብራት

ጣና ዳር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩን እርጥብ ያደርገዋል፤ ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። የጠጣው ወረቀት ፊውዘሩ (ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ሲያሞቀው ይጠቀለላል፤ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ ይገባል፤ በሁለት ገጽ ሲታተም ሁለተኛው ዙር ላይ ይሸጎጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ካርቶኑን ከሲሚንቶ ወለል በእንጨት ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳም አርቁት። በአንድ ጊዜ የሚከፈተው አንድ ደስጣ ብቻ ይሁን። ማታ ማሽኑ ትሪ ላይ የቀረውን አውጥታችሁ መጠቅለያው ውስጥ መልሱት። መጠቅለያው ላይ ቀስት ካለ አስቀድሞ የሚታተምበትን ገጽ ያመለክታል። ሁለቱንም ገጽ የምታትሙ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ቅጠሎቹን አራግፉና ከዚያ መልሱ። ወረቀቱ 80 ግራም ይሁን፤ ከዚያ የሳሳው ርካሽ ቢመስልም በክረምት ዋጋውን ያስከፍላል።

መብራት ሲቆራረጥ ብዙዎች ሌዘር ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሰካሉ። ይህ ስህተት ነው። ፊውዘሩ ሲሞቅ ለአፍታ የሚስበው ኃይል ከትንሽ ዩፒኤስ አቅም በላይ ስለሆነ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ይዞት ይጠፋል። ዩፒኤስ ላይ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰኩ፤ ፕሪንተሩና ኮፒ ማሽኑ በስታቢላይዘር ይሂዱ። መብራት ሲሄድ ጽሑፉ ከተረፈ ኅትመቱ ይደርሳል።

ኮፒ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ከወጣ ድራም (ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) ለመቀየር አትቸኩሉ። መስመሩ የሚመጣው ማሽኑ ወረቀቱን ከላይ በራሱ ሲጎርስ ብቻ ከሆነና ትልቁ መስታወት ላይ ተኝቶ ሲነሳ ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከዳር ባለችው ጠባብ መስታወት ላይ የተጣበቀ ነጥብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልደረቀ ማጥፊያ ፈሳሽ ነው። አልኮል በነካ ጨርቅ ይለቃል። የፈሰሰ ቶነር ግን በሙቅ ውኃ አይነካም፤ ሙቀት ያጣብቀዋል።

ፋይል ሲመጣ

የአማርኛ ጽሑፍ በፍላሽ መጥቶ ሲከፈት በላቲን ፊደልና በምልክት ከታየ፣ የተጻፈው ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፊደል ነው። እንደገና ለመጻፍ አትነሡ። የተጻፈበትን ፊደል ጠይቃችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑት፤ ጽሑፉ ይመለሳል። የሚብሰው ጽሑፉ ደኅና መስሎ ገጹ የሚንሸራተተው ነው። ተማሪው ኒያላ በሚባለው ፊደል የጻፈውን፣ ኒያላ ያልተጫነበት ዊንዶውስ 10 ኢብሪማ በሚባለው ሌላ ፊደል ይከፍተዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ማውጫው ላይ 34 የተባለው ርዕስ 37 ላይ ይገኛል። ስለዚህ ለጥናት ጽሑፍ ደንቡ አንድ ይሁን፦ ጽሑፉ የተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ይምጣ። በዎርድ ብቻ ከመጣ ሁሉም ከመታተሙ በፊት ሦስት ገጽ አትሙ፦ ማውጫውን፣ ሠንጠረዥ ያለበትን አንድ ገጽ፣ ሥዕል ያለበትን አንድ ገጽ። ደንበኛው አይቶ «ይሁን» ካለ በኋላ የሚመጣው ስህተት የእሱ ነው።

በቴሌግራም የሚላክ ሰነድ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይጨመቃል፣ ማኅተሙም አይነበብም። ሥራው ሲያልቅ የደንበኛውን መታወቂያና ዲግሪ ከኮምፒውተሩ አጥፉ። ዴስክቶፑ በሰው ሰነድ የተሞላ ቤት ደንበኛ አያምነውም፣ መታመንም የለበትም።

የሥራ ማመልከቻ ፋይል

እዚህ ላይ ነው ኮፒ ቤት ከኮፒ በላይ የሚያገኘው። የሥራ ማስታወቂያው በበኵር ጋዜጣም ይውጣ በቦርድ፣ ደንበኛው ይዞት ይምጣ፤ ከሌለው ፎቶውን ያሳይ። ያላነበባችሁትን ማስታወቂያ ፋይል አታዘጋጁ። «ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ አንብባችሁ የመጨረሻውን ቀን በእርሳስ ጻፉለት። ከዘጌ በጀልባ ወይም ከአዴት በመኪና የመጣ ሰው አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ሲመለስ አንድ ቀኑ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉ ይህን ቢመስል ተቀባዩ አይቸገርም፦ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ ስቱደንት ኮፒ (የትምህርት ውጤት ዝርዝር)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት ወይም ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ የሥራ ልምድ፣ መታወቂያ። የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው የለኝም ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም። ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ ካለ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ይህችን መስመር የሚዘል አመልካች ብዙ ነው፤ እናንተ ካስታወሳችሁት ለሚቀጥለውም ማመልከቻ ወደ እናንተ ይመጣል። «የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ሲባል ዋናው ተያይዞ አይግባ፤ ዋናው ለማመሳከሪያ ይቀርባል እንጂ አይሰጥም።

ስምን ከአንደበት ሰምታችሁ አትጻፉ፤ ከዲግሪው ቅዱ። ኃይሌን በ«ሀ» የጻፈ ዲግሪ ካለ በ«ሀ» ይጻፍ፤ የሰዋስው ክርክር ቦታው እዚህ አይደለም። በእንግሊዝኛም እንደዚያው፣ ዲግሪው ላይ ያለው አጻጻፍ ሳይጨመር ሳይቀነስ ይቀዳል። አንድ ሰው በሦስት ሰነድ ሦስት ዓይነት ስም ካለው ጸሐፊው የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፤ ንገሩትና ማስተካከያውን ሰነዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያምጣ። «ነጥቧን አስተካክልልኝ» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ እስር ያመጣል። ዋጋ ሳትነግሩት ሸኙት።

የልደት ቀን ሲቀየር ስህተት ይበዛል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8። ቀኑ ግን በአራት ዓመት አንዴ ይንሸራተታል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዚያ ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይውላል፣ 8 መደመሩም ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል፣ ልዩነቱም እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል። ጥር 10 ቀን 1993 ጃንዋሪ 18 ቀን 2001 ነው። ጥር 10 ቀን 1992 ግን ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ጃንዋሪ 19 ቀን 2000 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና በታኅሣሥ 28 የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እሱን ያስታወሰ ጸሐፊ አይሳሳትም። አስቀድሞ የተቀየረ ቀን ፓስፖርት ላይ ካለ ግን፣ ስሌታችሁ ትክክል ቢሆንም፣ ፓስፖርቱን ተከተሉ።

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ክፈፍ፣ አበባና ባለ ቀለም ርዕስ ኮፒ ሲደረግ ግራጫ ድጥ ይሆናል። ጉርድ ፎቶ ከተጠየቀ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 354 በ472 ፒክስል ነው። ኢንተርኔት ላይ ለሚጫን ሰነድ በ200 ዲፒአይ ግራጫ ስካን አድርጉ፤ ባለ ቀለም ስካን ፋይሉን ያገዝፈዋል፣ ቅጹም አልቀበልም ይላል።

ጨረታ

ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ማብቂያ ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ ላይ የመሥሪያ ቤት ሥራና የጨረታ ሰነድ ከተማሪ ጥናት ጋር ተደራርቦ ይመጣል። ያን ጊዜ ቶነር አንድ ትርፍ ይኑራችሁ። የጨረታ ሰነድ ላይ ዋጋ በአሃዝና በፊደል ሲለያይ በተለምዶ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፤ ስለዚህ በፊደል የተጻፈውን ለደንበኛው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ኮፒውን የምታነሡት በዋናው ላይ ፊርማና ማኅተም በየገጹ ካረፈ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ካነሣችሁ ሁሉም ይደገማል። «ዋና» እና «ኮፒ» የሚለው ፖስታው ላይ ይጻፍ፣ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ተለይተው ይታሸጉ።

ጥረዛና ላሚኔት

የሚጠረዝ ጽሑፍ የግራ ኅዳጉ ከ3 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 2.5 ከሆነ ቀዳዳው ፊደል ይነካል። የፕላስቲክ ሪንግ ስትመርጡ 10 ሚሊ ሜትሩ 65 ቅጠል ገደማ፣ 12ቱ 95፣ 16ቱ 145 ይይዛል። ልክ ከሆነው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ የጠበበ ሪንግ ገጽ ሲገለጥ ይቀድዳል። በአንድ ጊዜ ከ15 ቅጠል በላይ አትብሱ፤ ቀዳዳው ይንሸራተታል።

ላሚኔት ማሽኑ መብራቱ ዝግጁ ነኝ እስኪል ይሙቅ። ፕላስቲኩ በተጣበቀው ጫፍ በኩል ይግባ፣ ከሰነዱ ዙሪያ 3 ሚሊ ሜትር ይትረፍ፤ ካልተረፈ እርጥበት ገብቶ ይከፈታል። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ሙቀት ያጠቁረዋልና በፍጹም አይገባም፤ ኮፒውን ላሚኔት አድርጉለት። ዋና ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ሰነዱ ወደፊት ሲረጋገጥ ማኅተም የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ ነው፣ ፕላስቲክ ላይ ቀለም አይዝም፣ ልላጠው ቢባል ደግሞ ወረቀቱ አብሮ ይነሣል። ግልጽ ማኅደር ሽጡለት፤ ከላሚኔቱ ያነሰ ብር ታገኛላችሁ።